ጉልበቱን ያሰረው አሥር ቁጥር

ዘላለም ኳስ የሚችል ልጅ ነበር። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ በኋላ የሆነውን የሰማ ሁሉ «ድሮም አይችልም ነበር» ይላልና። ይችል ነበር። በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር አሥር ቁጥር ማሊያ ለብሶ መሐል ሜዳ ሲቆም፣ ኳሷ ከማንም እግር ብትነሳ በእሱ እግር ሳታልፍ የትም አትደርስም። ለግራው ያቀብላል፣ ለቀኙ ያቀብላል፤ ለማን እንደሚያቀብል ግን ተከላካዮቹ የሚያውቁት ካቀበለ በኋላ ነው። «ማቀበል የሚያውቅ ሰው በዚህ አገር ተርቦ አያድርም» ይሉ ነበር ኮምቦልቻ ስታዲየም በር ላይ የሚቆሙ ሽማግሌዎች። ስለ ኳስ ይሁን ስለ ሌላ ጉዳይ የጠየቃቸው የለም።

ያን ዓመት ዘላለም ሊመረቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። በየዓመቱ ከምረቃ በፊት አንድ ጨዋታ አለ። ተመራቂ ተጫዋቾች ከየዩኒቨርሲቲው ይለቀሙና በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ በክለብ መልማዮች ፊት ዘጠና ደቂቃ ይጫወታሉ። በማግስቱ ክለቦቹ በየተራቸው ይመርጣሉ። ጨዋታው «የምርጦች ጨዋታ» ይባላል። ገና ሳይመረጡ ምርጦች መባላቸው ለማንም እንግዳ አልነበረም፤ ነገሩ የተለመደ ነው።

የጥሪው ደብዳቤ ሲደርሰው ዘላለም ታኬታውን ሁለት ጊዜ አጠበ። አዲስ ማሰሪያ ገዛ። በሦስተኛው ቀን ግን አጎቱ ጋሽ ውብሸት ከደሴ ወረዱ። ጋሽ ውብሸት የእናቱ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ሃያ ዓመት ቤት ሲያሻሽጡ ኖረው፣ የቤት ገበያ ሲቀዘቅዝ ወደ ሰው የዞሩ የተጫዋች ወኪል።

«እንዳትጫወት» አሉት፣ ገና ሳይቀመጡ።

«ለምን ጋሼ?»

«ድስት ተከድኖ ሳለ ሁሉም ሰው ዶሮ ወጥ ነው ብሎ ይጎመጃል። ሽሮ መሆኑ የሚታወቀው ክዳኑ ሲነሳ ነው። አንተ አሁን ተከድነሃል። ዓመቱን ሙሉ ስምህ በሬዲዮ ሲጠራ ከርሟል፤ ከዚህ በላይ መውጣት የለም፣ መውረድ ግን አለ።»

«እኔ እኮ ሽሮ አይደለሁም።»

«እሱን እኔና አንተ እናውቃለን። ሌላ ሰው ለምን ያረጋግጣል?»

ዘላለም ቀና ብሎ አያቸው። «ሷሊህ ይጫወታል» አለ። ሷሊህ የሌላ ዩኒቨርሲቲ አሥር ቁጥር፣ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው። ሁለት ጊዜ ተገናኝተው አንድ አንድ ተሸናንፈዋል።

«ይጫወት! ሷሊህ ይግባና ይታይ። የታየ ሰው ደግሞ መጨረሻው ምንድነው? ይታይበታል።»

«እሺ ምን ብዬ ልቅር?»

«ጉልበቴን አመመኝ በላ» አሉ ጋሽ ውብሸት እየሳቁ። «ጉልበት በዚህ አገር ተጠይቆ አያውቅም።»

ዘላለም አልሳቀም። ግን ያን ዕለት ሜዳ ወርዶ ልምምድ ሲጀምር፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ ከማቀበሉ በፊት «ብትጠፋብኝስ?» ብሎ አሰበ። ፍርሃት ወደ ልጁ የገባው እንዲህ ምክር መስሎ ነው።

የጨዋታው ዕለት ጠዋት የቡድን ሐኪሙ ባለበት ቀኝ ጉልበቱ በፋሻ ተጠቀለለ። ከሰዓት ልብሱን ቀይሮ፣ ኮት ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ስታዲየም በር ላይ ሲደርስ የዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ፣ ጋሽ ጥላዬ፣ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ዘላለም፣ ጠዋት የታመመው ቀኙ መስሎኝ?»

ዘላለም ወደ ታች ተመለከተ። ፋሻው ከሱሪው በላይ ግራ ጉልበቱ ላይ ነበር፤ ልብሱን ሲቀይር በጥድፊያ መልሶ የጠቀለለው እሱ ራሱ ነው።

«ክለብ ሳትገባ ዝውውር ጀመርክ» አሉት ጋሽ ጥላዬ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። «ለማንኛውም ተጠንቀቅ። ከቀኝ ወደ ግራ በአንድ ቀን የዞረ ሕመም መድኃኒት የለውም።»

ዘላለም የክብር ትሪቡን ላይ ከአጎቱ ጎን ተቀመጠ። አጠገባቸው በመጀመሪያው ተራ የሚመርጠው የጮራ ስፖርት ክለብ መልማይ፣ አቶ ሙሉሰው፣ ማስታወሻቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። ጨዋታው ተጀመረ። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ሷሊህ መሐል ሜዳ ላይ ኳስ ሊያዞር ሲል ተነጠቀ፤ የነጠቀው አጥቂ ብቻውን ሄዶ አገባ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ዘላለም ቢኖር!» አለ።

ሷሊህ ጭንቅላቱን ነቀነቀና ወደ ቦታው ተመለሰ። በሰላሳኛው ደቂቃ ሦስት ሰው መሐል ኳስ አሾልኮ አንዱን አጥቂ ጎል አግቢ አደረገው። ሁለተኛውን ጎል ሲያቀብል ወደ ቀኝ እያየ ወደ ግራ ነበር፤ ዘላለም ሳያስበው ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ወይኔ!» አለ። ጋሽ ውብሸት ኮቱን ጎትተው አስቀመጡት። ሕዝቡ ለጎሎቹ ጨፈረ። አንድ ኳስ ለግብ ጠባቂ በሄደ ቁጥር ግን መልሶ «ዘላለም ቢኖር!» ይላል። የገቡት ሃያ ሁለቱ ይሳሳታሉ፣ ያልገባው አንድ ሰው ይመሰገናል። ዘላለም ተቀምጦ አደገ።

ሰባኛው ደቂቃ ላይ አንድ ተከላካይ የጠለዛት ኳስ ነጥራ ነጥራ ወደ ክብር ትሪቡኑ ወጣችና ከዘላለም እግር ሥር መጥታ ቆመች። ስታዲየሙ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሷሊህ ለእጅ ውርወራ መስመሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«አቀብለኛ!» አለው እየሳቀ።

የዘላለም ቀኝ እግር፣ ፋሻ የሌለበት፣ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ተነሳ። ለሷሊህ ደረት ልክ አድርጎ እንደሚያደርሳት እግሩ ያውቃል። ጋሽ ውብሸት ሳል ሳል አደረጋቸው። እግሩ ወረደ። ጎንበስ አለና ኳሷን በእጁ አንስቶ አጠገቡ ለቆመው ፖሊስ ሰጠ። ሕዝቡ አጨበጨበለት። አቶ ሙሉሰውም ማስታወሻቸው ላይ «ራሱን ይገዛል» ብለው ጻፉ። በስንት እንደሚገዛ አልጻፉም።

በማግስቱ ምርጫው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተካሄደ። የመጀመሪያው ተራ የጮራ ነው፤ አቶ ሙሉሰው ተነስተው «ዘላለም» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ ሁለተኛው፣ አሥረኛው፣ ሃያኛው ተጠራ። የሷሊህ ስም ሳይጠራ ስብሰባው ተዘጋ። ጋሽ ጥላዬ የራሳቸው ልጅ ባይሆንም አላስቻላቸውም፤ አቶ ሙሉሰውን በር ላይ ያዟቸው።

«ሁለት ጎል ያቀበለ ልጅ እንዴት ይቀራል?»

«ስህተት ታይቶበታል።»

«ዘላለምስ?»

«አልታየበትም።»

«አልታየም እኮ!»

«እኔስ ምን አልኩዎት?» አሉ አቶ ሙሉሰው።

ዘላለም ከኋላቸው ቆሞ ሰማ። የጮራን ማሊያ በእጁ ይዟል። ሷሊህ ቦርሳውን አንግቶ ሲያልፍ «እንኳን ደስ አለህ» አለው፣ ከልቡ። ዘላለም ማሊያውን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ሸጎጠ።

ጮራ ሲገባ ሐሳቡ አሁንስ እጫወታለሁ የሚል ነበር። የክለቡ አሰልጣኝ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ለብቻው ጠርቶ አነጋገረው። «አንተን አስገብቼ ባይሳካልህ አፈሩ የሚደፋው በመረጡህ ሰዎች ላይ ነው። እነሱ ደግሞ አፈሩን አራግፈው ወደ እኔ ይልኩታል። ስለዚህ ለጊዜው ወንበር ላይ ሁን።»

የጮራ የተቀያሪዎች ወንበር ስፖንጅ ያለው፣ ጥላ ያለው ነው። ዝናብ አይነካውም። ዘላለም መጀመሪያ ጫፉ ላይ ተቀመጠ፤ ቀጥሎ ደገፍ አለ፤ በዓመቱ እግሩን አነባበረ። ቡድኑ ሲሸነፍ ደጋፊው «ዘላለም ቢገባ ኖሮ!» እያለ ይወጣል። ሲያሸንፍ ዘላለም ፎቶው ላይ ከፊት ይቆማል። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት አሰልጣኞች ተባረሩ፣ አሥራ አራት ተጫዋቾች ተሸኙ። ከጥፋት ነፃ ሆኖ የተገኘው ወንበር ላይ የነበረው ብቻ ነው።

በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ የቤቱን ልማድ የማያውቅ አዲስ አሰልጣኝ መጣ። ጮራ አንድ ለዜሮ እየተመራ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ዞር አለና «ዘላለም፣ ተነስ» አለ።

ዘላለም ተነሳ። ቱታውን አወለቀ። በመስመሩ ዳር ማሟሟቅ ሲጀምር ስታዲየሙ በሙሉ ቆመ፤ የሚያለቅሱ ነበሩ። አንድ ዙር ሮጠ። ሁለተኛውን ሲጨርስ ትንፋሹ ተቆራረጠ። ሜዳውን አየ፤ ድሮ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ሳይነገረው የሚያየው መንገድ ሁሉ ጠፍቶ ሣር ብቻ ሆነ። ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይህ ሁሉ ሕዝብ በድስቱ ውስጥ ያለውን ያውቃል። እሱም ያውቃል። ጋሽ ውብሸት በአካባቢው የሉም፤ የሚያስል ሰው አልነበረም። አራተኛው ዳኛ የቅያሬውን ሰሌዳ ሲያነሳ ዘላለም ራሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ያዘ።

የትኛውን እንደያዘ አላየም። ወደ ወንበሩ ሲመለስ ሕዝቡ እንደ ሰማዕት አጨበጨበለት፤ እሱም ፊቱን በፎጣ ሸፈነ። ያን ቀን እውነትም ታሞ ነበር፤ ጉልበቱን ግን አይደለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ «ያለ አንዳች ነቀፋ ያገለገለ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጠውና የክለቦቹ የጋራ የተጫዋቾች ምልመላ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነ። ሹመቱን የተቃወመ የለም፤ በምን ጥፋት ይቃወሙት? ዘላለም ቢሮ በገባ በሁለተኛው ወር አንድ መመሪያ አወጣ፦ በምርጦች ጨዋታ ላይ ብዙ ምርጦች በመጫወታቸው ምክንያት እየተበላሹ ስለሆነ፣ ለደኅንነታቸው ሲባል ከእንግዲህ ምርጦቹ ያለ ጨዋታ ይመረጣሉ። ማለፊያ ሐሳብ ነው ተባለ።

ሷሊህ በዚህ ጊዜ ሐይቅ ውስጥ የስፖርት መምህር ነበር። ከትምህርት በኋላ ያሰለጠናቸው ልጆች አድገው ዩኒቨርሲቲ ደርሰዋል፤ አሁን ተመራቂ ናቸው። የሚያውቃቸው ባለሥልጣን የለም፣ ወኪልም የላቸውም፤ ያላቸው እግር ነው፤ የሚያሳዩበት ቀን ደግሞ ተሰረዘ። ሷሊህ ጡረታ የወጡትን ጋሽ ጥላዬን ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጣ። ኮሪደሩ በባለጉዳይ ተሞልቷል። አንድ ሰው ብቻ ይግባ ስለተባለ ሽማግሌው ውጭ ቀሩ።

ዘላለም ሲያየው ደስ አለው፤ ደስታው እውነተኛ ነበር። ከወንበሩ ሊነሳ ግማሽ ተንቀሳቀሰና ተወው።

«ሷሊህ! ተቀመጥ እንጂ።»

«ቆሜ ይሻለኛል፣ ለምጄዋለሁ። ዘላለም፣ ጨዋታውን መልስልን። ልጆቹ ይታዩ።»

«ሲታዩ እኮ ይበላሻሉ። አንተስ ያን ቀን አልተበላሸህም?» ለማሾፍ አልነበረም፤ በሐዘኔታ ነው ያለው።

«ተበላሽቻለሁ» አለ ሷሊህ። «ግን ዘጠና ደቂቃ ተጫውቻለሁ። ደስ ይል ነበር።»

ከጠረጴዛው ሥር የዘላለም ቀኝ እግር ምንጣፉን ገፋ ገፋ አደረገ። አንድ ነገር ሊጠይቀው ፈለገ፦ ያቺን ሁለተኛዋን ኳስ ስታቀብል ልጁን እንዴት አየኸው? ስንት ዓመት ሲያብሰለስለው ኖሯል። አፉን ከፈተ። ጸሐፊዋ ፋይል ይዛ ገባች። አፉን ዘጋ።

«ማመልከቻ ጽፈህ አስገባ» አለ፣ ፋይሉን እየገለጠ። «ይታያል።»

«እሱስ ጥሩ ነው። ሰው ባይታይ ወረቀት ይታይ» አለ ሷሊህ። አንተ ብሎ የገባው ሰው ሲወጣ በአንቱታ ተሰናበተ። «በሉ ይቆዩ፣ ክቡር ኃላፊ።»

በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። ዘላለም ፊርማውን ሊያኖር እስክሪብቶውን አንስቶ ሳለ የጋሽ ጥላዬ ድምፅ ከኮሪደሩ ተሰማው፤ ጆሯቸው ስለደከመ ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት።

«እህስ? መመሪያው ይነሳል? ወይስ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንኖረው?»

ባለጉዳዩ ሁሉ መልሱን ለመስማት ዞረ። ሷሊህ አልቸኮለም።

«እስከ መቼ አሉኝ ጋሼ? ወንበሩ ላይ የተቀመጠው እኮ ዘላለም ነው።»