ክብሪት ይዘው የሚደርሱ ጎረቤት

እናንተ ሰፈር ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚደርሰው ማነው? ካዛንቺስ፣ እኛ ግቢ፣ እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ክብሪት ይዘው። ምድጃ ሊለኩሱበት እንዳይመስላችሁ፤ መድኃኒታቸው ነው። የሚጥል በሽታ ያለባትን ልጄን እየጫሩ የሚያሸቷት እሳቸው ነበሩ። ደግሞስ ያኔ አምቡላንሱ ራሱ ምን ነበረው? ቃሬዛና ጩኸት። ከእሱ የእትዬ ክብሪት ይሻል ነበር ብል ማን ይፈርድብኛል?

ባለፈው ልጄ ወድቃ አልነቃ ስትል አምቡላንስ ጠራን። ከአምቡላንሱ የወረደችው ነርስ በጎኗ አስተኝታ ኦክስጅን ልትሰጣት ስትል፣ እትዬ ክብሪታቸውን አወጡ።

«እማማ፣ እንዳይጭሩት። ኦክስጅን እኮ ነው፤ ሁላችንም እንቃጠላለን» አለቻቸው ነርሷ።

«ታዲያ እኔ በምን ልርዳት?»

«እጇን ይያዙላት።»

እጇን እንደያዙ አምቡላንሱ ውስጥ አብረው ገቡ። ለአስታማሚ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ እኔ እናቷ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ስታዲየም ስንደርስ ድምፃቸውን ከኋላ ሰማሁ።

«ተመስገን፣ ዓይኗን ገለጠች። አሁን ደግሞ፣ የኔ ልጅ፣ ያንን ኦክስጅን ከፊት ላለችው እናቷ ስጪልኝ፤ ከተነሳን ጀምሮ አልተነፈሰችም።»