ጥፋቱ የጥይቱ ነው

በአምባሰል ምድር ዒላማ የሚስት ሰው የለም። ካላመናችሁ ጠመንጃ የያዘውን ሁሉ ጠይቁ። አንዱ ፀሐዩን ይከሳል፣ ሌላው ጭጋጉን፣ ሌላው ከጎኑ ቆሞ ያወራውን ሰው። ራሱን የከሰሰ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። የእነዚህ ሁሉ አውራ ጎረቤቴ ክቡር ሙዘይን ናቸው፤ እሳቸው የሚከሱት ጥይቱን ነው።

ክቡርነታቸው ከአባታቸው የወረሱት አንድ አሮጌ ምንሽር አላቸው። ጥይቱ ከጠመንጃው የባሰ ሽማግሌ ነው፤ የትኛው ጦር ጥሎት እንደሄደ እንኳ አይታወቅም፣ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ይጥለው ነበር። ሙዘይን ግን «ጥይት እንደ ልጅ ነው፣ ካረሙት ይታረማል» ብለው ማረም ያዙ። በአመድና በሎሚ ያሹታል። በመስታወት ላይ እያንከባለሉ የሚወላገደውን ይለያሉ። ከዚያ ታማኝ፣ ተጠርጣሪና ከሀዲ እያሉ በየጣሳው ይከቱታል። የከሀዲዎቹ ጣሳ ከሞላ ቆይቷል።

አንድ የገበያ ቀን ውጫሌ ወርደው፣ በቅመም ነጋዴዋ በዘሀራ ሚዛን ጥይት ሊመዝኑ ተቀመጡ። ክብደቱ እኩል ካልሆነ አካሄዱም እኩል አይሆንም ባይ ናቸው። በርበሬ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ጥይቱን ሲያይ ወደ ጎረቤት ሱቅ ዞረ።

«ያ ረቢ፣ ጋሼ ሙዘይን፣ የኔ ሚዛን በርበሬ እንጂ ሞት አይመዝንም» አለች ዘሀራ።

«አይዞሽ ልጄ፣ እስካሁን ማንንም አልመታም» አሏት። እውነታቸውን ነው።

በማግስቱ ያ በርበሬ የጠገበ ጥይት ሲተኮስ ተኳሹም ተመልካቹም እኩል አስነጠስን። ዒላማው ግን አልተነካም።

ዒላማው ባዶ የዘይት ጣሳ ነው። የሚቀመጠው ከገደሉ ሥር፣ በእትዬ ስህን ማሽላ ዳር ባለ ድንጋይ ላይ ነው። እትዬ ስህን የሙዘይን የልብ ወዳጅ የነበረው የአስረስ ሚስት ናቸው። አስረስ ካረፈ ወዲህ ዝንጀሮው ከገደሉ እየወረደ መከራቸውን ያሳያቸዋል። የኛ አገር ዝንጀሮ ወንድ ካየ ይሸሻል፤ ሴት ብትጮህ፣ ድንጋይም ብትወረውር፣ እሸቱን እየጋጠ ቁጭ ብሎ ያያታል። አምና የማሽላውን እኩሌታ በላባቸው። ዘንድሮም ከደገመ መሬቱን ለሰው ሰጥተው ሐይቅ ከተማ ልጃቸው ቤት መግባታቸው ነው፤ ያንን ደግሞ ከሞት እኩል ይፈሩታል። እንጠብቅልዎ ሲባሉ «አስረስ ሞተ እንጂ እኔ አልሞትኩም፣ ምጽዋት አልቀበልም» ብለው ይመልሳሉ።

ሙዘይን አይጠብቁም፤ ጥይት ይሞክራሉ። ከጠዋት ጀምሮ ማሽላው ዳር ተቀምጠው አንዷን ጥይት ሲወለውሉ ይውላሉ። ማምሻውን ቢስሚላህ ብለው ይተኩሳሉ፣ ይስታሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «አየህ፣ እኔ አልሳትኩም፤ ጥይቱ ነው» ይላሉ። አምባሰል ውስጥ እንደዚያ ጣሳ ያለስጋት የሚኖር ፍጡር የለም።

መቼም ሰው ነኝና ሰለቸኝ። ከአንድ ዘመዴ ለምንሽሩ የሚሆን ደህና ጥይት ለምኜ አመጣሁላቸው። አጎረሱ፣ ተኮሱ። ጣሳው ብድግ ብሎ ከገደሉ ጋር ተላተመ። ላጨበጭብ እጄን ሳነሳ ፊታቸውን አየሁት፤ በሬ የሞተባቸው ይመስላሉ።

«በቃ እኮ ጋሼ፣ ተገላገሉ» አልኳቸው።

የቀረውን ጥይት እጄ ላይ መለሱልኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጥይቱ ከተስተካከለ፣ ወላሂ፣ ነገ ምን ብዬ ነው እዚህ የምቀመጥ?»

ስንት ወር ሙሉ ስቄባቸዋለሁ። ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ጥይቱን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

እትዬ ስህን የጣሳውን ድምፅ ሰምተው ኖሮ ከማሽላው መሀል ብቅ አሉ። ባዶውን ድንጋይ አዩት፤ ሙዘይንንም አዩአቸው።

«ወንድምዓለም፣ ተስተካከለ እንዴ?»

«የለም እታለም፣ ጣሳውን ነፋስ ነው የጣለው። ጥይቱ ገና ነው፤ ለከርሞም የሚደርስ አይመስለኝም።»

በዚያ ቀን የማሽላ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም። እትዬ ስህን ቅጠሉን ዳሰስ አደረጉት።

«እንግዲያማ» አሉ፣ «ለከርሞም ማሽላ እዘራለኋ።»