ማንም ያላየው የኩሳካቤ መጋጠሚያ

ሥራውን ለሰው ካላሳየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። አንዱ የተከለውን ጽጌረዳ ያሳያል፣ ሌላው ያጠረውን አጥር። በቶሚኤ ላይ የደረሰው ግን ከሁሉም የባሰ ነው፤ ባሏ የሚያሳዩት የማይታይ ነገር ነው።

ባሏ ክቡር ኩሳካቤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጃፓኗ ታካማትሱ ከተማ ውስጥ አክሪሊክ ሲያጋጥሙ ኖረዋል። አክሪሊክ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ወፍራም ፕላስቲክ ነው። ባሕርን ከነሻርኩ አቅፎ የሚይዝ የአኳሪየም ግድግዳ ከአንድ ሉህ አይወጣምና፣ ሉሆቹን ጎን ለጎን ያቆሟቸዋል፤ በመሃላቸው ከዚያው ከአክሪሊኩ ዘር የሆነ ፈሳሽ ያፈሳሉ፤ ሲጠነክር በሙቀት ያሳርፉታል። የቀረው መሞረድና መወልወል ነው። ሥራው ከሰመረ፣ መጋጠሚያው ዘፋኝ በሁለት ስንኝ መካከል እንደሚስባት ትንፋሽ ይሆናል፤ አለ፣ ግን ማንም አይሰማውም።

ክቡርነታቸውን የጎዳቸውም ይኸው ነው። ሰው ካየው ሥራው ተበላሸ፤ ካላየው ደግሞ ሠሪው ከነስሙ ጠፋ።

ኬክ ቤት ሲገቡ ኬኩን ትተው ኬኩ የተደረደረበትን የአክሪሊክ ሣጥን ይመረምራሉ። አንገታቸውን ዘንበል ያደርጉና፣ «ይኼ መጋጠሚያ አይደለም፣ ጠባሳ ነው!» ይላሉ፣ ሱቁ ሁሉ እየሰማ። ቶሚኤ ለባለሱቋ ጎንበስ ቀና እያለች ይቅርታ ትጠይቃለች። መቅደስ ሄደው እንኳ የምጽዋቱን ሣጥን ጠርዝ በጥፍራቸው ሲፍቁ ተይዘዋል።

ዘመድ ከመጣ እሳቸው ግድግዳውን ወዳጋጠሙት አኳሪየም መነዳት ግዴታ ነው። አንድ ጊዜ የቶሚኤ ታናሽ እህት ያሱዮ፣ «ጋሼ፣ ሻርኩ እንዴት ያምራል!» አለች።

«ሻርኩን ተዪው! እሱን እናቱ ናት የሠራችው። የኔ እዚህ ጋ ነው!»

«ምንም አይታየኝም እኮ።»

«አየሽ? ይኼ ነው ሥራ!»

«የማይታይ ከሆነ ታዲያ ምኑን ልየው ነው ያመጡኝ?»

ቶሚኤማ እግሯ ሲዝል፣ መቀመጫ ለማግኘት ስትል ብቻ «አየሁት» የምትልበት ጊዜ ነበር።

«የት?»

«እዚያ… ወደዚያ።»

«ውሸታም! ዓይንሽ ዓሣው ላይ ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ይሰበራል። «ሳልሞት አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ቢያይልኝ ምናለበት?»

አምና ሻዩን ከስኒው ውጭ መቅዳት ጀመሩ፤ ጥፋቱንም በስኒው ላይ አላከኩ። የዓይን ሐኪሙ የዓይናቸው ብርሃን እየጠፋ እንደሆነና መድኃኒትም እንደሌለው ነገራቸው። ሁለቱም ሰሙ፤ ቤት ሲገቡ ግን አንዳቸውም አላነሱት።

አንድ ዝናባማ ጠዋት «እንሂድ» አሏት። አኳሪየሙ ጭር ብሏል። ኩሳካቤ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ሄደው ቆሙና ጣታቸውን አሳረፉ።

«እዚህ ጋ። ታየሽ?»

ቶሚኤ ተስፋ እንደቆረጠ ሰው አንገቷን ዘንበል አደረገች። ከላይ የሚወርደው ብርሃን በውኃው ውስጥ ተወዛወዘና፣ አየችው። ከፀጉር የቀጠነች፣ ከወለል እስከ ጣራ ቀጥ ብላ የቆመች መስመር። ስንት ዘመን ሳታያት በፊቷ አልፋለች! ልትጮህ አፏን ከፈተች።

መስመሯ ግን ከኩሳካቤ ጣት አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ ነበረች። ጣታቸው ያረፈው ምንም ባልተጋጠመበት፣ ሙሉ ሉህ ላይ ነው።

«አየሁት» አለች ቶሚኤ።

«የት?»

ወደ ግራ ከቶ ሳታይ፣ ጣቷን ከጣታቸው አጠገብ፣ ምንም በሌለበት ላይ አሳረፈች። «እዚህ። በጣም ቀጭን ናት። ቀጥ ያለች።»

ኩሳካቤ ፊታቸው በራ።

«ዛሬስ አልዋሸሽም» አሉ። «በድምፅሽ አውቄዋለሁ።»

ቶሚኤ እንባዋን እንዳያዩባት ፊቷን ልታዞር አለችና፣ ማዞር እንደማያስፈልጋት ትዝ አላት።