የድንኳን ካስማ የማይገባበት ግቢ

ሰው በገዛ ግቢው ውስጥ ምን ያህል ጌታ እንደሆነ ማወቅ ከፈለገ አንድ መኪና ድንጋይ ደጁ ላይ ያስገልብጥ። ሶፋ ሲቀየር ማንም አይጠይቅም። ልጅ ውጭ አገር ቢሄድ ሰው እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ያልፋል። ድንጋይ ሲገለበጥ ግን አሰላ በሙሉ መሐንዲስ ይሆናል። ወደ መስጊድ የሚሄደው ቆም ይላል፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውም ቆም ይላል። ባጃጁን አቁሞ «ውኃው በየት በኩል ሊወጣ ነው?» ብሎ የጠየቀኝን ሰው እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አላውቀውም። ውኃው የእኔ፣ ደጁ የእኔ፣ ድንጋዩ የእኔ! እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? እኔ በትሕትና «በዚህ በኩል» ብዬ በጣቴ አሳየሁት። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከበረንዳችን ፊት ለፊት የቆየ የድንጋይ ንጣፍ ነበረን። ቤቱን ስንሠራ በጥድፊያ የተነጠፈ ስለሆነ አንዱ ድንጋይ ሰምጦ፣ ሌላው ጎብጦ፣ በመሃላቸው ሣር በቅሎ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጭቃ የሚተፋ ሆኖ ነበር። የአሰላን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ነጭ ጫማ አድርጋችሁ ኑ። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንበሬ በማይንገዳገድበት ቦታ ላይ ተቀምጬ የጠዋት ፀሐይ መሞቅ። ይኼ መቼም የጥጋብ ምኞት አይባልም።

ግንበኛው ጌቱ አሮጌውን ድንጋይ አንስቶ፣ ከሥር ጠጠር አልብሶ፣ በጥርብ ድንጋይ አዲስ ንጣፍ ሠራልኝ። ውኃ ልኩን በየድንጋዩ ላይ እያስቀመጠ፣ መሃል መሃሉን በሲሚንቶ እየሞላ፣ ከበረንዳው እስከ ውጭ በሩ ድረስ የእግር ጣት የምታክል አፈር ሳያስቀር ሸፈነው። አማረ። ባለቤቴ ሙሉ፣ ለማሞገስ የማትቸኩለው ሴት፣ ጫማዋን አውልቃ ተራመደችበት።

በማግስቱ ሐጂ ቃሲም መጡ። ሐጂ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ሰላምታው አለቀ፣ የጤና ጥያቄው አለቀ፣ ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ንጣፉን ዞሩት፤ ደግመው ዞሩትና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ማሻአላህ፣ ቲቸር። ቆንጆ ነው። ግን ካስማው የት ይመታል?»

«የምን ካስማ?»

«የድንኳን ነዋ! አላህ አያምጣው እንጂ አንድ ነገር ቢመጣ፣ አፈር በሌለበት ድንኳኑን በምን እናቆመዋለን?»

አንድ ነገር የተባልኩት፣ መቼም ገብቷችኋል፣ እኔ ነኝ። ሲሚንቶው እንኳ በወጉ አልደረቀም። ወንበሬን አውጥቼ ገና አንድ ጠዋት አልተቀመጥኩበትም። ሰውየው ግን ለቀስተኛውን በዓይነ ኅሊናቸው ደርድረው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ጨርሰው፣ የቀራቸው ገመዱን የሚያስሩበት እንጨት መትከያ ብቻ ነው። ደሜ ፈላ። ቢሆንም ሐጂ ታላቄ ስለሆኑ ድምፄን አለስልሼ፣ ሌላው እድር ሁሉ በብረት የሚቆም ድንኳን መግዛቱን አስታወስኳቸው።

«አየነው ብረቱን! ባለፈው ክረምት እላይ ሰፈር ነፋስ አንስቶት፣ ለቀስተኛውን ጥሎ ብቻውን ወደ ቀብር ሄደ» አሉኝ። «የእኛ ድንኳን ካስማ ይፈልጋል። ጌቱ ዳር ዳሩን ቀዳዳ ያብጅለት። ቶሌ?»

ቶሌ ያለው ማን ነው? እኔ እሺ አላልኩም! አንድ ሰው ጥርብ ድንጋዩን አስነጥፎ፣ አሳምሮ፣ ከዚያ ደግሞ ለገዛ ለቅሶው ቀዳዳ እያስበሳ ይቀመጥ? ጠዋት ፀሐይ ስሞቅ በአንዱ ቀዳዳ በኩል ሞቴ አንገቱን ብቅ አድርጎ እንደምን አደርክ ሊለኝ ነው? ደግሞስ ቀዳዳ ካማራቸው ከበሬ ውጭ ያለው መንገድ ምን ሆነ? ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ ብቻ ነው። ስለሱ አንድም ሰው ሲሰበሰብ አይቼ አላውቅም። ከተማው ውስጥ አንድ ደህና ንጣፍ ሲገኝ ግን ቀዳዳ ይበጅለት ተብሎ የእድር ዳኛ ይላካል። ይኼንኑ ሁሉ ሳልሰስት ነገርኳቸው። ሐጂ በትዕግሥት አዳመጡኝና «እናስብበት» ብለው ወጡ። ማታውን ሰፈሩ «ቲቸር ሞት የማይገባበት ግቢ ሠራ» እያለ ሲስቅ አመሸ።

ይሳቁ። ነገሩ በሳቅ ቢያበቃ ምን ገዶኝ! አማቴ እማማ አስካለ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ንግግራችንን አንድ በአንድ ሰምተው ኖሯል። እማማ የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደች ጊዜ አራስ ሊጠይቁ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። ያቺ ሕፃን ዛሬ ራሷ ወልዳለች፤ እማማ ግን ጥየቃቸውን ገና አልጨረሱም።

«እና እኔ ብሞት ድንኳን የለኝም?» አሉኝ።

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ! አሁን ማን ሊሞት ነው?»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ሬሳዬ ከማን ደጅ ሊወጣ ነው?»

ተናድጄ ስለነበር ወደ ውስጥ ገባሁ። ጠዋት ስነሣ እማማ ጓዛቸውን ቋጥረው በሚኒባስ ኢተያ ገብተዋል፤ እህል ነጋዴው ልጃቸው ዘንድ። ለሙሉ የተዉላት መልእክት አጭር ነው፤ «እዚያ አፈር አለ።» ሰው ፍቅር አጣሁ ብሎ ይሄዳል፣ ክብር አጣሁ ብሎ ይሄዳል። አፈር አጣሁ ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያውም እኔ ጭቃ እንዳያንሸራትታቸው ብዬ ባስነጠፍኩት!

ሙሉ አልተቆጣችም። ብትቆጣ እንዴት በወደድኩ። ምሳዬን ታቀርባለች፣ ታነሣለች፣ ሲጠሯት አቤት ትላለች፤ ያ ብቻ ነው። እኔም እልኸኛ ስለሆንኩ ወንበሬን አውጥቼ ንጣፌ ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ አልተንገዳገደም። ፀሐዩም እንደተመኘሁት ነው። «ሹራብ ሳትለብስ ወጣህ?» የሚል ሰው ግን የለም። ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ስለ ሥጋ መወደድ፣ ስለ እኔ ራሰ በራነት የሚነዘንዘኝ የለም። ናፈቁኝ። በቃ፣ ይኸው ተናገርኩት።

ኢተያ ሄድኩ። እማማን በልጃቸው ሰፊ ግቢ፣ በስንዴ ጆንያዎች መሃል፣ ፊታቸውን አዙረው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ድንኳን ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው መንገድ ላይ ሊተከል እንደሚችል ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«መንገድ ላይ?» አሉኝ። «መኪና በመጣ ቁጥር ለቀስተኛዬ ወንበሩን እያነሣ ሊሸሽ? ልጆችህን አዝዬ የዞርኩበት ግቢ እያለ? ይኼን ሁሉ ዓመት እንግዳህ ነበርኩ እንዴ?»

ሴትየዋ የጠየቁኝ ቤቴ ቤታቸው መሆኑንና አለመሆኑን ነው። እኔ ደግሞ ኢተያ ድረስ ሄጄ ስለ ድንኳን እተነትናለሁ። አፈርኩ፤ ጉልበታቸውን ስሜ ያሉት ሁሉ እንደሚደረግ ቃል ገባሁ። ቃል አይበቃም፣ ቀዳዳው ሲበሳ እመጣለሁ አሉ።

ተበሳ። ጌቱ ያንን ውኃ ልክ እያስቀመጠ የደረደረውን ድንጋይ ዳር ዳሩን በመዶሻ ሲፈለፍለው እያንዳንዷ ምት ጥርሴ ላይ ታርፍ ነበር። በየቀዳዳው ቁራጭ የብረት ቧንቧ ቀብሮ፣ ጭቃ እንዳይገባ ክዳን ሠራለት። ሐጂ ቃሲም ከእድሩ ዕቃ ቤት አንድ እውነተኛ ካስማ ይዘው መጥተው በየቀዳዳው እያስገቡ ሞከሩት። ሲያወጡት ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ የገዛ ልጃቸውን ሲድሩ እንኳ አላየሁባቸውም።

እማማ መጡ። ጓዛቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ በምርኩዛቸው ቀዳዳውን ሁሉ እየነካኩ ዞሩ። ረክተዋል ብዬ ተነፈስኩ።

«እዚህ ላይ ስንት ሰው ሊቀመጥ ነው?» አሉ።

«ብዙ ሰው ይይዛል፣ እማማ።»

«የኢተያው ዘመድ አለ። ከሮቤ የሚመጣው አለ። የአቦምሳዎቹ የእህቴ ልጆች ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሞልተው ነው የሚመጡት። ወይስ የሚለቀስለት ዶሮ ነው?» ምርኩዛቸውን ወደ ጓሮው ዘረጉ። «እስከዚያ ይስፋ።»

«እስከዚያ» የተባለው የእኔ ጎመን ነው! ከጎመኑም ወዲያ በገዛ እጄ የተከልኩት፣ ገና ዘንድሮ ፍሬ ያሳየኝ ፖም አለ። ጮህኩ፤ ሳስተምር የነበረኝን ድምፅ አውጥቼ ጮህኩ። በሕይወት ያለ ሰው ጎመኑን ነቅሎ ላልሞተ ሰው የለቅሶ ሥፍራ የሚያሰፋበት አገር የት ነው አልኩ። ሙሉ ከኢተያው ጉዳይ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችና «ይሰፋል፣ እማ» አለቻቸው። በዚሁ አለቀ። ድንጋዩ እንደገና ተገለበጠ፤ መንገደኛውም እንደገና ይቆም ጀመር።

ማታ እራት ላይ እማማ በደንብ በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ «እንግዲህ ግንበኛውን አስቸኩለው» አሉኝ። «ይኼ ሳይሰፋማ አልሞትም። በጠባብ ቦታ ሞቼ በዘመድ ፊት አልዋረድም።»

እማማ ያሉትን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

በማግስቱ ጌቱ መሣሪያውን ይዞ ሲመጣ ከበር መለስኩት። ሰኞ ና አልኩት። ሰኞ ሲመጣ ሲሚንቶው ጥሩ አይደለም አልኩ። ከዚያ ወዲያ አሸዋው ደቀቀብኝ፤ ሲመቸኝም ወገቤን አመመኝ። ሰፈሩ ስሜን ሲያነሣ ይውላል፤ ሰነፍ ነው ይለኛል፣ ጎመኑን ሰሰተ ይለኛል። ይኼንን የሚለኝ ከድንጋይ ክምሩ አጠገብ ቆሞ ጥርሱን የሚፍቅ ሥራ ፈት ነው። ቢያቃጥለኝም ችዬ አልፋለሁ።

ትናንት ሐጂ ቃሲም መጡ። እማማ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የጎረቤቱን ውሻ እየረገሙ ነበር።

«ቲቸር፣ ይኼ ሥራ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ድንጋይ ጠፋ» አልኳቸው።

ሐጂ ከፊታቸው የተቆለለውን ድንጋይ አዩ። እኔን አዩኝ። ከዚያ እማማን ረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«ቶሌ» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥሎ እማማ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ «እውነት ነው! ዘንድሮ አሰላ ውስጥ ድንጋይ የሚባል ነገር ጠፍቷል!»

እማማ ምርኩዛቸውን አንስተው ንጣፉን መቱት። «በጭላሎ ተራራ ሥር ተቀምጦ ድንጋይ ጠፋ ይባላል? ምን ዓይነት ዘመን መጣ እናንተ!» ፊታቸው ቀላ፣ ድምፃቸው ሦስት ቤት ተሻግሮ ተሰማ፣ እስከ ምሳ ሰዓትም አልበረደላቸው።

ይናደዱልኝ።