ሊቀ መመሪያ ሙሀባው

አምስት ሐበሻ በተሰበሰበበት ቤት ሁሉ አንዱ መመሪያ አንባቢ ነው። አዲስ መጥበሻ ተገዝቶ እኛ እንቁላል ይዘን ቆመናል፤ እሱ ካርቶኑ ውስጥ እጁን ከቶ ወረቀት ይፈልጋል። «ያላ፣ ለኩሰው!» ስትሉት «ቆይ፣ ገጽ ሦስት ላይ ማስጠንቀቂያ አለ» ይላችኋል።

በዐረብ አገር ለምንሠራው ለኛ ለባጥሐ ገበያ ሰዎች የደረሰን ክቡር ሊቀ መመሪያ ሙሀባው ነው። የከሚሴ ልጅ ነው፤ የቪዲዮ ጌም በሚሸጥ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። እኔ ከጎኑ ሻንጣ እሸጣለሁ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ከመሆኑ የተነሳ፣ በሕይወቴ ጌም ነክቼ ባላውቅም የሃያ ጌም ሕግ በቃሌ እወጣላችኋለሁ።

ሙሀባው ዐረብኛውንም እንግሊዝኛውንም የተማረው ከጌም ካርቶን ውስጥ ከሚወጡት ትንንሽ መጽሐፎች ነው። ስለዚህ ሻይ ሲያዝ እንኳ «ወንድሜ፣ ከመቀጠልህ በፊት ስኳሩን አረጋግጥ» ይላል። ገዢ ሲመጣ መጽሐፉን ያወጣና ከሽፋኑ ይጀምራል። አንዱ ጎረምሳ «ወላሂ እኔ መጫወት ብቻ ነው የምፈልገው!» ብሎ ሲለምነው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ኢንሻአላህ፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ እንደርሳለን» ነበር መልሱ።

በፈረንጆቹ 2014 ግን መጽሐፎቹ መጥፋት ጀመሩ። መጀመሪያ ሳሱ፤ ከዚያ አራት ገጽ ሆኑ፤ በመጨረሻ «ዓይንዎ ከደከመ ይረፉ» የምትል አንዲት ብጣሽ ወረቀት ብቻ ቀረች። እውነቱን ለመናገር እኔ እፎይ አልኩ። ግድግዳው ዝም ይላል ብዬ ነዋ!

ሙሀባው ግን «ተሰርቀናል» አለ። ማንንም ሳይጠይቅ አርባ ካርቶን አሽጎ፣ በላዩ ላይ «ጎደሎ ዕቃ» ብሎ ጽፎ ለአከፋፋዩ መለሰ። መጽሐፍ እስኪላክለት ድረስ ደግሞ የቀሩትን ጌሞች አንድ በአንድ እየከፈተ፣ እየሞከረ፣ ያየውን ሁሉ በተማሪ ደብተር ላይ ይጽፍ ጀመር።

የሱቁ ባለቤት አቡ ናይፍ ለሙሀባው «ከፊል» የሚሉት ዋሱም ነው፤ በዚህ አገር መኖሪያ ፈቃዱም ፓስፖርቱም በሰውዬው እጅ ነው ማለት ነው። ማክሰኞ ዕለት መጥቶ ባዶውን መደርደሪያ ሲያይ ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ።

«መጽሐፍ ድሮ ቀረ! ሰው ሁሉ ከኢንተርኔት ነው የሚያነበው! ሐሙስ ፓስፖርትህን ይዤ እመጣለሁ፤ ኹሩጅ! አገርህ ትገባለህ!»

ሙሀባው እኔ ሱቅ ገባ። ሰላምታም የለ። አንዱን ጥቁር ሻንጣ አውርዶ ገለበጠው፤ ኪሶቹን ሁሉ ከፈተ።

«ይሄ ወረቀት የለውም?»

«ሙሀባው፣ ሻንጣ እኮ ነው።»

«ስንት ኪሎ እንደሚችል አይጻፍም?»

ሳቄ መጣ፤ ፊቱን ሳየው ግን ጠፋ። ሁለት እህቶቹ በሱ ነው የሚማሩት። «ያ የተያዘ ነው» ብዬ ሻንጣውን ከእጁ ተቀበልኩት። አልተያዘም ነበር። ሌላውንም ሲያነሳ «እሱም የተያዘ ነው» አልኩት። በነጋዴነት ዘመኔ ገዢ ስመልስ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ረቡዕ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ላጽናናው ሱቁ ተቀምጬ ሳለ ስልኩ ጮኸ። አንዲት ሴት በተሰባበረ ዐረብኛ እያለቀሰች ነው። ሙሀባው ወዲያው ወደ አማርኛ ዞረ።

«እህቴ፣ ከየት ነሽ? ረጋ በይ።»

ኸይሪያ ትባላለች፤ የወልድያ ልጅ፣ መላዝ ሰፈር ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ለልጆቹ ጠዋት ከዚሁ ሱቅ የተገዛው ጌም አልከፈት ብሏል። ማዳሟ «ስትጠርጊ ገጭተሽ አበላሸሽው፤ ነገ ወደ ኤጀንሲው እመልስሻለሁ» ብላታለች። የስልክ ቁጥሩን ያገኘችው ካርቶኑ ላይ ነው።

«ቲቪው ላይ ከታች መስመር አለ?»

«ቀጭን ነገር አለ። ዝም ብሎ ቆሟል።»

«ከጎኑስ ቁጥር?»

«ሠላሳ አንድ… ቆይ፣ ወንድሜ፣ ሠላሳ ሁለት ሆነ!»

ሙሀባው ደብተሩን ገለጠ፤ ጣቱን አንዱ መስመር ላይ አሳረፈ። «ምንም አልሆነም። ራሱን እየጫነ ነው። ማንም እንዳይነካው። መቶ እስኪሞላ ጠብቁ።»

ማዳሟ ስልኩን ነጠቀቻት። ሙሀባው ከመጽሐፍ በተማረው ዐረብኛ፣ በሙሉ ክብር «ውድ ተጠቃሚ፣ እባክዎ መሣሪያውን አያጥፉ» አላት። ሴትዮዋ እንደዚያ ተብላ የምታውቅ አይመስለኝም፤ ስልኩን ለኸይሪያ መለሰችላት።

ስልኩን ሳይዘጋ ጠበቀ። ኸይሪያ ቁጥሩን ትጠራለች፣ እሱ «በርቺ» ይላል፣ እኔ ጥፍሬን እበላለሁ። ዘጠና ዘጠኝ ላይ የቆመው እድሜ ልክ መሰለኝ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ የሕፃናት ጩኸት ፈነዳ።

«ተከፈተ! ወንድሜ፣ ተከፈተ!»

ምኑም የማይገባኝ ሰውዬ ተነስቼ ጨፈርኩ።

ሐሙስ አቡ ናይፍ ፓስፖርቱን በደረት ኪሱ አድርጎ መጣ። ገና አፉን ሳይከፍት የማዳሟ ባል ከተፍ አለ። «በስልክ የሚያስረዳው ሰውዬ የታለ? ለእህቴም ቤት ልገዛ ነው፤ ግን ከሱ ብቻ ነው የምገዛው።»

አቡ ናይፍ ሰውየውን አየ፤ ደብተሩን አየ። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና ባዶውን መለሰው።

«ኸላስ» አለ። «ይሄን ኮፒ አድርገህ በየካርቶኑ ክተት። ግን አንድ ገጽ! ሁለት ካደረግከው ኹሩጅ! አርባውንም ካርቶን አሁኑኑ ሄደህ አምጣ።»

ሙሀባው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። እኔም ከሱ አጠገብ። ለካ ሁለት ቀን ሙሉ በቅጡ አልተነፈስኩም ነበር።

ሱቄን ዘግቼ፣ ጋሪ ይዘን አከፋፋዩ ጋ ሄድን። ስንመለስ ካርቶን እንዴት እንደሚደረደር፣ ጋሪ በየትኛው እጅ እንደሚገፋ ሲያስረዳኝ ስልኩ ጮኸ። ኸይሪያ ናት። ምንም አልተበላሸም። ማዳሟ ይቅርታ እንደጠየቀቻት ልትነግረው ነው የደወለችው። ደግሞ ስሙን ሳትጠይቀው ቀርታ ከፍቷት ነበር።

«ሙሀባው» አላት። ሌላ አልጨመረም። ጆሮው ቀልቶ፣ መንገዱ መሐል ቆሞ ያዳምጣታል።

ይህን ሰው ባወቅሁበት ዘመን ሁሉ ከአፉ የወጣ አጭሩ መልስ ይህ ነው። እንዳያፍር ፊቴን አዙሬ፣ ጋሪውን ለብቻዬ እየገፋሁ ቀደምኩት።