ጆንያ የለበሰ መኪና

የቦርደዴ ሙቀት አውቶማቲክ ካምቢዮ ያቃጥላል ይባላል። አያቃጥልም። የሚያቃጥለው የባለቤቱ ጉራ ነው።

ጭሮ እንዲህ ባለው ባለቤት ተሞልታለች። ጎረቤቴ የሆነው ጫት ነጋዴ የእሽቅድምድም ዓይነት ፈጣን መኪና ገዛ። ለካምቢዮው የዘይት ማቀዝቀዣ አስገጥምለት ብዬ ብመክረው፣ «አቦ ተወኝ፣ ግንባሩን ያበላሽብኛል» አለኝ። ጫት በእርጥብ ጆንያ ካልጠወለገ፣ መኪናስ ምን ይሆናል ባይ ነው። በቆመበት ሁሉ ኮፈኑን እርጥብ ጆንያ ያለብሰዋል። የካምቢዮው ዘይት ከሥር መንተክተኩን ማን ይንገረው?

በሴት ልጁ ኒካህ ዕለት፣ ለሥራ ከወረድንበት ከቦርደዴ ቆላ ወደ ጭሮ አብረን ተነሳን። የሚድራት ወሊዋ እሱ ነው፤ ያለ እሱ ወይም ያለ ወኪሉ ኒካሁ አይታሰርም። ያገኘውን መኪና ሁሉ እየቀደመ ዳገቱን ጀመረ። አጋማሹ ላይ ሞተሩ አጓራ፤ መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም። ከሥሩ የተቃጠለ ዘይት ሸተተን።

ልጁ ደወለች። «አባ፣ ሼሁ ሊሄዱ ነው። የት ደረስክ?»

«ጆንያው ደርቆብን ነው፣ ልጄ።»

«የምን ጆንያ?»

በስልክ ወንድሙን እንዲድራት ወከለ። የልጁን ኒካህ መንገድ ዳር፣ ጆንያው ላይ ቁጢጥ ብሎ በስልክ ሰማ። ስልኩን ሲዘጋ እኔን ቀና ብሎ አላየኝም።

አንባቢዬ፣ ማቀዝቀዣውን አስገጥም። ጆንያውን ለጫቱ ተውለት።