በሙሉ ድምፅ የጸደቀች ቀስት

[ቦሌ፣ የአንድ ቪላ ግቢ፣ በደርግ ዘመን፣ ሐምሌ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ረታ ትልቁ ቤት ውስጥ ይኖራል። የቤቱ የቀድሞ ባለቤት ወርቅዬ ሰርቪሱ ውስጥ ትኖራለች። ሁለቱን ቤት የሚያሞቀው ቦይለር መካከል ቆሟል፤ ወደ ትልቁ ቤት በሚሄደው ቧንቧ ላይ የቀስት ምልክት ያለበት አዲስ ቫልቭ ተገጥሟል።]

ወርቅዬ፦ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ቫልቩ ላይ ያለችው ቀስት ወደ ቤትዎ ብትዞርስ ነው ያልኩት።

ረታ፦ እትዬ ወርቅዬ፣ አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ላይ ያለው ቀስት ወዴት ያሳያል? ወደ አውሮፕላኑ ወይስ ወደ መንገደኛው?

ወርቅዬ፦ ወደ አውሮፕላኑ።

ረታ፦ ሙቀቱስ የት ነው ያለው?

ወርቅዬ፦ ቦይለሩ ውስጥ።

ረታ፦ በቃ፣ ቀስቷም ቦይለሩን ታሳያለች። አሮጌው ቫልቭ ሲያፈስ አዲሱን በገዛ እጄ ያሰርኩት በዚህ መርህ ነው። ስብሰባውም አጽድቆታል። እርስዎም እጅዎን አውጥተዋል።

ወርቅዬ፦ ሁለቱንም ነው ያወጣሁት።

ረታ፦ አንዱ ይበቃ ነበር። [እጁን እያፋተገ] ቤቱ ግን ከዚያ ወዲህ በረዶ ሆነ። እሁድ የበላያችን የከፍተኛው ሊቀ መንበር ለምሳ ይመጣሉ። ቦሌ ውስጥ ሙቅ ቤት ያለው እኔ ነኝ ብዬ አውርቻለሁ፤ ካፖርት ለብሰው ሊበሉ ነው? የርስዎስ ቤት እንዴት ነው?

ወርቅዬ፦ የኔ ደግሞ ምን ቤት አለው።

[ረታ ሰርቪሱን ከፍቶ ይገባል። መነጽሩ በጉም ይደፈናል።]

ረታ፦ ይሄ ሶደሬ ነው እንዴ?

ወርቅዬ፦ መስኮት ከፍቼ ነው የማድረው።

ረታ፦ ገባኝ። ቧንቧው ሲዘረጋ ለሰርቪሱ አድልተዋል። ሙቁን ለራስዎ አስቀርተው ቀዝቃዛውን ለሕዝብ አስረከቡ።

ወርቅዬ፦ ኧረ እኔ አልመረጥኩም። ትልቁን ለፈረንጅ አከራይቼ እዚህ ስኖር የትርፍ ቤት አዋጁ ደረሰ፤ ያለሁበት ቀረልኝ።

ረታ፦ እንግዲያው እንቀያየራለን። እርስዎ ትልቁ ቤት ይገባሉ።

ወርቅዬ፦ በቁርጥማቴ? ብርዱ ይገድለኛል እኮ።

ረታ፦ እምቢታ አድሃሪነት ነው።

ወርቅዬ፦ [ተክዛ] ከሆነ አይቀር ስብሰባው ያጽድቀው። ማኅተምም ይመታበት፤ ኋላ አንዳችን ሐሳብ እንዳንቀይር።

[ቅዳሜ። ስብሰባው አጽድቆ፣ ማኅተም ተመትቶበት ቤት ተቀያይረዋል። ወርቅዬ ውሃውን ዘግታ፣ መፍቻ ይዛ ቦይለሩ ሥር ጎንበስ ብላለች። ረታ በካናቴራ ከሰርቪሱ ብቅ ይላል።]

ረታ፦ ምን እየሠሩ ነው?

ወርቅዬ፦ ቀስቷን ወደ ቤቴ እያዞርኳት። ቫልቩ ውሃ የሚያሳልፈው ቀስቷ ወደምታሳየው ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ በዚህ ማለፍ ሲያቅተው ሁሉም ወደ ሰርቪሱ ይሄድ ነበር።

ረታ፦ ከዞረች በኋላስ ለእኔ?

ወርቅዬ፦ ፈረንጁ ሳለ ለእኔ ይደርሰኝ የነበረው ይደርስሃል። ለብ ያለ ነው።

ረታ፦ ይህን ሁሉ እያወቁ ዝም አሉኝ?

ወርቅዬ፦ መች ዝም አልኩ። ወደ ቤትህ አዙራት ብዬህ ነበር። ሌላ ሰው እንዳይነግርህ ነበር ስጋቴ፤ ከእኔ አፍ እንደማትሰማ ግን አውቃለሁ። [መፍቻውን ታቀብለዋለች] በል ያዝና አጥብቃት፣ ልጄ፤ ያንተ ጉልበት ይሻላል። እሁድም እንግዳህን ይዘህ ና። ካፖርታችሁን በሩ ላይ ትሰቅላላችሁ።